ወንበሬና አማቴ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 12

መኪናው ዛሬም እምቢ አለ። ባትሪውን ፈትቼ ወጥ ቤት አስገባሁትና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ማርሊስ በፎጣ ስጠቀልለው አየችኝ።

"ለኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቀህልኝ አታውቅም።"

ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር... ተረቡ አላልቅ አለ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቷን ልንጠይቅ ሄድን። አርቪድ መጦሪያ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው። የግዛቱ ነው፣ ለቀድሞ ወታደሮች የተሠራ። ጥሩ ቤት ነበር። ዛሬ ግን አማቴ አልጋ ላይ ካፖርትና ኮፍያ አድርገው አገኘኋቸው። ከመጦሪያው ጓደኛቸው ከሚልተን ጋር ካርታ ይጫወታሉ። በጓንት!

"አባባ፣ ምነው?"

"ማሞቂያው ሞቷል። ኮሪያም እንዲህ ነበር የሚበርደው። እዚያ ግን ቢያንስ የሚተኩስብን ጠላት ነበር፣ ያሟሙቀናል።"

ሚልተን ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

"አንተ የሕዝብ ተወካይ ነህ አይደል?" አሉኝ አርቪድ። "እስቲ ወክለኝ። በርዶኛል።"

እደውላለሁ አልኩ። ነገ ወደ ዋና ከተማው እሄዳለሁ። ማክሰኞ ምክር ቤቱ ይከፈታል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ጉባኤው ተከፈተ። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ንግግር። ወንበሬ ያው ነው፣ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከቤቭ ሽሮደር ጎን። ቤቭ ከጎረቤት ወረዳ ነች። የኛው ፓርቲ። ስንገናኝ፣ "ዱዌን፣ አሁንም አለህ?" አለችኝ። በየዓመቱ ይህንኑ ነው የምትለኝ።

ከሰዓት በኋላ የመጦሪያውን ኃላፊ አገኘኋት፣ በስልክ። ሎሬይን ፎስ። ጥገናውን የግዛቱ ገዥ ሚስት ወንድም ድርጅት ወስዶታል አለችኝ። ሰዎቹ ኖቬምበር ላይ መጡ፣ ማሞቂያውን አዩት፣ ፎቶ አነሱት፣ ሄዱ። ክፍያውም አብሯቸው ሄደ።

"ለራሳቸው ለገዥው ነግሬያቸዋለሁ። ፊት ለፊት።"

"ምን አሉሽ?"

"ብርድ ልብስ ጨምሩላቸው አሉኝ።"

ገዥ ኮልበርን የኛ ሰው ነው። ባለፈው ምርጫ ስሙ ያለበትን የቅስቀሳ ሰሌዳ ግቢዬ ውስጥ ተክዬለታለሁ። የሆነ አለመግባባት ይኖራል። መኖር አለበት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ሎሬይን ፎስ ተባረረች። ምክንያቱ "የአመራር ለውጥ"።

ማርሊስ ደወለች። አርቪድን የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ሚልተንም እንደዚሁ። ሌሎችም። አሁኑኑ ልነሳ ነው። ባትሪው ከተነሳልኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

አርቪድ ደህና ናቸው፣ ሐኪሙም ከአደጋው ወጥተዋል አለ። አፋቸው እንደሆነ ከመጀመሪያውም አልታመመም።

"ሞት እክፍሌ በር ድረስ መጥቶ ነበር። ብርዱን ሲያየው ተመለሰ።"

ሚልተን ግን አልተረፈም። ዛሬ ነገሯቸው። ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ከዚያ፣ "በጨዋታ እየመራኝ ነበር። አጭበርባሪ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸውም አልነጠቁኝም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

የሽማግሌዎቹ ነገር ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ምክር ቤቱ ምርመራ ጀምሯል። ትናንት ገዥው መርማሪው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። እጁን አንሥቶ ማለ። "ስለ ማሞቂያው ከጋዜጣ በፊት ሰምቼ አላውቅም" አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ዛሬ የራሱ ረዳት ቀረበች። ሎሬይን ስትነግረው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ አለች። ስለ ብርድ ልብሱም ሰምታለች። እያለቀሰች ነው የተናገረችው፤ ሥራዋን እየተሰናበተች መሆኑን ታውቃለች።

እንግዲህ አበቃ። ምሎ ዋሽቷል። ክስ ተመሥርቶበት ከሥልጣን ይነሣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፣ ድምፅ እንሰጥበታለን። ምን ማሰብ ያስፈልጋል? የድጋፉን፣ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ለአርቪድ ነገርኳቸው። ወደ መጦሪያው ተመልሰዋል፤ በየክፍሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገብተዋል።

"አረንጓዴውን ነው የምጫነው፣ አባባ።"

"ቀለም ትለያለህ?"

"እለያለሁ።"

"እንግዲህ እናያለን። ማርሊስን ስታገባ ሰማያዊ ከረባት አድርገህ፣ ጥቁር ነው እያልክ ትከራከር ነበር።"

ማርሊስ ሳቀች። ማታ ከማቀዝቀዣው የበጋውን ሩባርብ፣ ያን ጎምዛዛ ተክል፣ አውጥታ ለበዓል የምትጋግረውን ፓይ ጋገረች። ያለ በዓል! ትልቁን ቁራጭ ለኔ ሰጠችኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው መሆን እንዴት ደስ ይላል...

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ታድ ብሪመር ቢሮዬ መጣ። የፓርቲያችን መሪ እኔ ቢሮ! ዶናት ይዞ። ስለ ማርሊስ ጠየቀኝ፣ ስለ አርቪድ ጠየቀኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ሁለተኛውን ዶናት ስጀምር ወደ ነገሩ ገባ።

"ማንም አያስገድድህም፣ ዱዌን። ሕሊናህ የነገረህን ምረጥ።"

"አመሰግናለሁ።"

"ከርት ሃግስትሮም ደውሎልኝ ነበር።"

ከርት የኛ ከተማ ሰው ነው፣ ትራክተር ይሸጣል። ፊቱ አውራ ጎዳናው ላይ በትልቁ ተሰቅሏል፣ ጥርሱ ብቻ የመኪና በር ያህላል።

"ምን ፈለገ?"

"ምንም። ጁን ላይ ለሚደረገው የፓርቲው የዕጩ ምርጫ መመዝገቢያው መቼ ያበቃል ብሎ ጠየቀ። እንዲያው... ለማወቅ ያህል።"

ከዚያ ስለ ድልድዬ አነሣ። ስምንት ዓመት የለፋሁበት፣ የወንዙ ድልድይ። ዘንድሮ በጀቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል አለ። "ይችላል" ላይ ጠበቅ አደረገ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዶናቱን ትቶልኝ ሄደ። ሁሉንም በላሁት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

እስቲ በእርጋታ ላስብ።

ገዥውን የመረጠው ሕዝብ ነው። ማውረድ ያለበትም ሕዝብ አይደለም? ሁለት ዓመት ጠብቆ በድምፁ ያውርደው። እኛ ማን ነን?

ደግሞስ ሕጉ "ከባድ ጥፋት" ነው የሚለው። ማሞቂያ ከባድ ነው? (ከባድስ ከባድ ነው፣ ሁለት ቶን ይሆናል። ማርሊስ ብትሆን እንዲህ ነበር የምትለኝ። እዚህ ሳትኖር እንኳ ትመልስልኛለች።)

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ቤት ነኝ። ጠዋት እንደ ልማዴ ዳቦ ቤት፣ ከሰዎቹ ጋር። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ፣ "የሽማግሌዎቹ ነገር ያሳፍራል፣ አውርዱት" ይላል። ግማሹ፣ "ገዥያችንን ብትነኩት ወዮላችሁ" ይላል። ሕዝቡ ይወደዋላ! አጋዘን ያድናል፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ሲሸነፍ ያለቅሳል። ሁለቱም ወገን ታዲያ እኔን ይመለከታል።

"አንተስ ምን ትላለህ፣ ዱዌን?"

"ሁሉንም ወገን እያዳመጥኩ ነው" አልኩ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ "ጥያቄ የለውም" ማለቴ ትዝ ያላቸው ይኖር ይሆን? ፊታቸውን ሳየው... አዎ።

ስወጣ ከርት ሃግስትሮም በር ላይ ያዘኝ። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ጤናህ እንዴት ነው ዱዌን? የመንገዱ ምልልስ አልከበደህም? በዚህ ዕድሜ..."

ሰው ወንበርህን ሲፈልግ መጀመሪያ ስለ ጤናህ ይጠይቃል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ተጣላን። ወይም እኔ ተጣላሁ፣ ማርሊስ ሰሃን ታጥብ ነበር።

አስረዳኋት። ሕዝቡ ይወስን አልኳት። ሕጉ ግልጽ አይደለም አልኳት። ድልድዩን አነሣሁላት። እኔ ብወድቅ ከርት ይገባል፣ ከርት ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ከኔ የባሰ ነው፣ ስለዚህ እኔ ወንበሬ ላይ መቆየቴ ለአባትሽ ይጠቅማል አልኳት። ይህኛውን ስናገር ራሴም ጥሩ ነጥብ ነው ብዬ ነበር።

"አንድ ቀርቷል" አለች።

"ምን?"

"ሰልፉ።"

"የምን ሰልፍ?"

"የጁላይ አራቱ፣ የነፃነት በዓሉ። ጣራ የሌላት መኪና፣ በሩ ላይ ስምህ። ከረሜላ እየበተንክ።"

ተናደድኩ። ጃኬቴን አንሥቼ ወጣሁ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ ነድቼ የድሮ ሱቄ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሚስማርና ቀለም ሸጥኩበት። ትልቁ መደብር ከተማ ዳር ሲከፈት ዘጋሁት። አሁን የጥፍር ቀለም የሚቀቡበት ነው።

ከዘጋሁ በኋላ ያለው ክረምት... ማንም አልደወለም። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ በር ቢሰበር፣ "ዱዌን ያውቃል" የሚል ጠፋ። ጠዋት ልብሴን እለብሳለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት የለም። ማርሊስ አስተማሪ ነበረች ያኔ፣ ስትወጣ በመስኮት አያታለሁ። በኋላ ተወዳደርኩ፣ አሸነፍኩ፣ ሰው እንደገና ስሜን ጠራ። ደመወዙ ኢምንት ነው። ደመወዝ ማን አነሣ?

ሰልፉ አይደለም። ማለት... ሰልፉ ብቻ አይደለም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ነገ ነው።

ከቤቭ ጋር እራት በላን። አረንጓዴ ትጫናለች።

"ወረዳሽ እኮ ከኔም ይብሳል። ትሸነፊያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እኔም ጨንቆኛል። አስተናጋጇ ምን ልታዘዝ ስትለኝ ሾርባ ብቻ ያልኩት ለምን መሰለህ?" ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አልዋሽህም፣ ወንበሬን እወደዋለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከቤት የሚያወጣኝ እሱ ነው። ግን ሰውየው ሲምል አይቼዋለሁ፣ ዱዌን። አንተም አይተኸዋል። ምን ላድርግ? አላየሁም ልበል?"

እሷ ምክንያት አንድ ነው ያላት። የኔ አምስት ደርሷል። ብዙ ምክንያት ያለው ሰው ነው ልክ የሚሆነው ወይስ... እሱን እንተወው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ቀዩን ተጫንኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። አንዱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ። ሌላው አክስቱ ሞታበት። ያቺ አክስት እኔ በማውቀው እንኳ ሦስተኛ ሞቷ ነው። ቀናሁባቸው። ለምን አላሰብኩትም? ጥርስ አለኝ እኮ!

ሽንት ቤት ገብቼ ልቆይ ብዬ ተነሣሁ፤ ታድ ብሪመር በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፈገግ አለልኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ድምፅ ተጠራ። ሁለቱ ቁልፎች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ በመካከላቸው የአውራ ጣት ስፋት የለም። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያመጣል? በብዙ ነው የሚያልፈው ወይም በብዙ ነው የሚወድቀው። እኔ ብጫን ባልጫን ያው ነው። ከዚያ ጣቴ ሄደች። ራሷ የሄደች ይመስል...

ሰሌዳው ላይ ስሜ በቀይ በራ።

ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። በአንድ!

ቤቭ አላየችኝም። ወረቀቶቿን አስተካከለች፣ ያልተበላሹትንም አስተካከለች። ታድ መጥቶ ትከሻዬን መታ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገዥው ራሱ ደወለ።

"አንተ ሰው ነህ፣ ድዋይት። አልረሳህም።"

ዱዌን ነው አላልኩትም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

ቤት አልሄድኩም። ለማርሊስ መንገዱ በረዶ ነው አልኳት። እዚህ ፀሐይ ነው። እዚያም ፀሐይ እንደሆነ ነገረችኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ማርሊስ ስለ ድምፁ አላነሣችም። ምሳ አቀረበች፣ ጨው አቀበለችኝ። ቢያንስ ብትጮህ። ከዚያ፣ "አባቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ትመጣለህ?" አለች። እምቢ ብል ምን እባላለሁ?

አርቪድ ካርታ ብቻቸውን እየደረደሩ ነበር። ስገባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ለኔ! ተነሥተውልኝ አያውቁም፣ በሠርጌ ቀን እንኳ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ተወካይ። ይቀመጡ።"

ሳቅኩ። ተረብ መሰለኝ። ዓይናቸውን አየሁት፣ ተረብ የለበትም።

"አባባ፣ ምነው አንቱ አሉኝ?"

"ለሥልጣን ክብር ይገባዋል። ሻይ ይፈልጋሉ? ማርሊስ፣ ለእንግዳው ሻይ።"

እንግዳው...

ላስረዳቸው ጀመርኩ። ሕጉን፣ ድልድዩን፣ ከርትን። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። በጨዋ ደንብ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ስጨርስ፣ "እንዲህ ዘርዝረው ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ" አሉ። ስድብ ብጠብቅ... ስድባቸው ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

መመዝገቢያው አበቃ። ከርት አልተመዘገበም። እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ፓርቲ በኛ ወረዳ ሰው አቅርቦ አያውቅም፣ ስለዚህ የኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ላይም ብቻዬን ነኝ። ታድ ቃሉን ጠበቀ።

ድልድዩ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። "ይችላል" ነው ያልኩህ አለኝ። በምትኩ የዓሣና የአደን ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ አደረገኝ። ዓሣ ማጥመድ ሲያቅተኝ ሃያ ዓመት ያየኝ ሰው ሁሉ ሲሰማ ይስቃል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ዳቦ ቤትም ነገሩ ተለውጧል። ስገባ ወሬ ይቆማል። ከዚያ አንዱ፣ "የበረዶው መቅለጥ ዘንድሮ ሊዘገይ ነው" ይላል። ሌላው፣ "ይዘገያል" ይላል። እዚህ አገር ሰው ሲጠላህ አይሰድብህም። ስለ አየሩ ያወራሃል። ዛሬ ስለ ደመና ብቻ ግማሽ ሰዓት አወራን።

ረቡዕ፣ ጁን 4

ትናንት የፓርቲው የዕጩ ምርጫ ነበር። አሸነፍኩ፣ ያለ ተወዳዳሪ። ቤቭ ተሸነፈች፣ በብዙ። ያሸነፋት ሰውዬ ባለፈው ዓመት ነው ወደ ወረዳዋ የገባው፤ ወንዙን በስሙ እንኳ አይጠራውም።

ደወልኩላት። አላነሣችም።

ሌላ ዜና፦ የመጦሪያው ማሞቂያ ተጠገነ። በጁን! ውጭ ሰው በሙቀት እየቀለጠ ነው። ይሠራ እንደሆን ለመሞከር ለኮሱት፣ ማጥፋት አቃታቸው። ሽማግሌዎቹ በካናቴራ በረንዳ ላይ ተሰለፉ። ማርሊስ ነግራኝ ሁለታችንም ሳቅን። ከፌብሩዋሪ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ይመስለኛል። ግን ቀድማ አቆመች።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ሰልፉ።

መኪናዋ ክፍት፣ ስሜ በሩ ላይ። ከረሜላ በተንኩ። ልጆቹ አነሡ፤ ልጆች ከረሜላውን እንጂ በታኙን አያዩም። ትልልቆቹ እጃቸውን አወዛወዙ፣ በልክ።

ከትምህርት ቤቱ ፊት ሎሬይን ፎስን አየኋት። አሁን የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ሰው ከቧታል። አንዲት ሴት ወንበሯን ለቃላት ቆማለች። መኪናዬ ሲያልፍ ሎሬይን ቀና ብላ አየችኝና ሰላም አለችኝ። ደህና ሰላምታ፣ ቂም የሌለበት። ከረሜላ ልወረውርላት እጄን ካነሣሁ በኋላ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝ።

ማርሊስ አብራኝ አልተቀመጠችም። ፀሐይ አይስማማኝም አለች። ፀሐይ ላይ ከአባቷ ተሽከርካሪ ወንበር አጠገብ ቆማ አየኋት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

የግዛቱ ዐውደ ርዕይ። ከዓሣ ታንኩ አጠገብ ቆሜ ሰው እጨብጣለሁ፤ ምክትል ሰብሳቢ ነኝና። ቤቭ መጣች፣ በቀጭን እንጨት የተሰካ ቋሊማ እየበላች።

"አሁንም አለህ?"

ማልቀስ ነበር የቀረኝ። እዚያው፣ ዓሣዎቹ ፊት።

"እንዴት ነሽ? ሰላም አገኘሽ?"

"ምን ሰላም! ተናድጃለሁ። ጠዋት ጠዋት የማደርገው ጠፍቶኝ ጋራዡን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ጀግና እንዳታደርገኝ።" ቋሊማዋን ገመጠች። "ግን ሰው ሲያየኝ ስለ አየር አያወራኝም።"

እንዴት አወቀች? ፊቴ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

"ቤቭ፣ እኔ ያን ቀን..."

"ተው። ለኔ አይደለም የምትነግረው።"

እውነቷን ነው። ለማን እንደሆነም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ አርቪድ ጋ ሄጃለሁ፣ አምስቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ነገርኳቸው። ማርሊስ ከነርሷ ጋር ኮሪደር ላይ ሳለች።

"አባባ፣ ድልድዩ አልነበረም። ሕጉም አልነበረም። ፈርቼ ነው።"

ካርታቸውን መደርደር አላቆሙም።

"ምን ፈሩ?"

"ማንም ሳይሆኑ መቅረትን።"

ከዚያ አንዱን ካርታ ገለበጡና አዩት።

"ሚልተን ማንም አልነበረም" አሉ። "ሾፌር ነበር። ሲሞት ግን ይህ ፎቅ ሙሉ አለቀሰ።"

ዛሬ ሻይ አልመጣም። ስወጣ ግን፣ "በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ይገባል" አሉኝ። ዝጋው ነው ያሉት፣ ይዝጉት አላሉም። ወይስ ረስተው ነው? መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አሰብኩት። ማርሊስ ለምን እንደማላስነሣው ጠየቀችኝ። ባትሪው ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ምርጫ። አርቪድን ልውሰድዎት ብዬ ሄድኩ። አያስፈልግም አሉ፣ መጦሪያው ውስጥ ራሱ ድምፅ መስጫ ጣቢያ አለ። ኮሪደሩ በሽማግሌ ተሞልቷል። ሁሉም ሥራ የበዛበት ይመስላል። አርቪድ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ። ሽማግሌዎቹ እኔን ሲያዩ አንዱ ስለ አየሩ ጀመረ።

ወረቀቱ ላይ ለኛ መቀመጫ አንድ ስም ብቻ ነው የታተመው፣ የኔ። ከሥሩ ያው እንደ ሁልጊዜው ባዶ መስመር አለ፣ ሌላ ሰው መጻፍ ለሚፈልግ። ማን ይጽፍበታል?

ራሴን መረጥኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አሸነፍኩ። አምስተኛ የምርጫ ዘመኔ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።

የድምፅ ቆጠራውን የሚመራው የካውንቲው ጸሐፊ ጠዋት ደወለልኝ። እንኳን ደስ አለህ አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

"በእጅ የተጻፉ ድምፆች አሉ፣ ዱዌን። ትንሽ... በዛ ያሉ።"

"ማን ተጻፈ?"

"ሎሬይን ፎስ።"

ከአራት ሰው አንዱ ጽፏታል። ሳትወዳደር! ሳትጠየቅ! መጦሪያው ጣቢያ ላይ እኔን በልጣኛለች። ሌላ ቦታ ሁሉ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት፣ ወንበሩ የኔ ነው፣ ማንም አይነካውም። ስልኩን ስዘጋ ግን ያሸነፈ ሰው ስሜት አልተሰማኝም።

ማርሊስ ቁርስ ላይ ነበረች፣ ቶስት ላይ ቅቤ እየቀባች። ነገርኳት። አልደነገጠችም።

"አባትሽ ናቸው ይህን ያደራጁት?"

"አባቴ ምንም አላደራጀም። እስክሪብቶ ነው ያደለው።"

"አንቺስ?"

"ምን እኔ?"

"አንቺ ለማን..."

ቢላዋውን አስቀመጠች። ቶስቱን ለሁለት ቆርጣ ትልቁን ወደኔ ገፋችልኝ።

"ያንተ ስም እኮ ታትሟል፣ ዱዌን። መጻፍ የሚያስፈልገው የእሷ ነበር።"

ቶስቱን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። ብዙ ነገር ልላት ፈልጌ አፌ ላይ የመጣው ይኼ ሆነ፦

"ፊደሉ ከተሳሳተ እንደማይቆጠር ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አለች። "ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።"